ወይዘሮ ቫርሴኒክ ናቫሳርዲያን፣ የኢሽኻን አሳዳጊ

ዛሬ በዚህ በረዶ ላይ ቆማችሁ የምትሸኟቸው ወይዘሮ ቫርሴኒክ ናቫሳርዲያን ከአባታቸው ከአቶ ማንቬል ናቫሳርዲያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ የጊሳቤት ሃኮብያን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በሴቫን ሐይቅ ዳር በዚህችው በአቫዙት መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እናታቸው መረብ ይጠግኑ፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ገብስና ድንች ያለሙ ነበር። ዛሬ ከሣጥኑ ራስጌ የተቀመጡት አቶ ጾላክ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው።

ወይዘሮ ቫርሴኒክ የተወለዱበት ቤት ያኔ ከውሃው አፋፍ ላይ ነበር። ማዕበል ሲነሳ አረፋው ደጃፋቸው ድረስ ይመጣ እንደነበር ሲናገሩ የሰማቸው ልጅ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። ምክንያቱም ዛሬ ከዚያ ቤት ተነስቶ ሐይቁ ጋ ለመድረስ መንገድና የድንች ማሳ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ገና ልጅ ሳሉ ነው ውሃው መውረድ የጀመረው። ለመብራትና ለመስኖ ሲባል ሐይቁ ወደ ወንዙ እየተለቀቀ በየዓመቱ ከመንደሩ ይርቅ ጀመር። አባታቸው የጀልባ መቆሚያቸውን ነቅለው ወደፊት ይተክላሉ፤ በዓመቱ መቆሚያው እንደገና ደረቅ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ምሰሶውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ «የጊሳቤት፣ እስቲ ፍረጂ፤ ቤቱን ጥሎ የሄደው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብለው ሚስታቸውን እንዳሳቁ ወይዘሮ ቫርሴኒክ ያስታውሱ ነበር።

በቋንቋችን ኢሽኻን፣ ማለት ልዑል፣ ብለን የምንጠራው ዓሣ የትውልድ አገሩ ይህ ሐይቅ ብቻ ነው። ወገኑ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ወንዝ ወጥቶ ይራባል። ትልቁና የበረዶ ወራት የሚባለው ግን ወንዝ አያውቅም። በብርዱ ወደ ዳር ይመጣና ከሥሩ ምንጭ በሚፈልቅበት ጠጠር ላይ፣ እዚሁ ሐይቁ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። አቶ ማንቬል ልጃቸውን በጀልባው የፊት ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ እናቲቱ ዓሣ በጎኗ ተኝታ በጅራቷ ጠጠሩን ስትቆፍር ያሳዩዋቸው ነበር። ወይዘሮ ቫርሴኒክ ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ከሁሉ በፊት የሚያወሩት ይህን ነበር።

ጠጠሩ ደረቅ ላይ የቀረ ጊዜ ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። የሚቆፍሩት አጥተው በጭቃው ጠርዝ ሲመላለሱ መንደሩ ሁሉ ቆሞ አየ። አቶ ማንቬል በበረዶ ጋሪያቸው ላይ በሬ ጠምደው ደረቁን ጠጠር እየጫኑ ወደ አዲሱ ዳርቻ መገልበጥ ያዙ።

«ማንቬል!» አላቸው አንድ ጎረቤት፤ «ለዓሣም ቤት ትሠራ ጀመር? ጣሪያውን መቼ ልታለብሰው ነው?»

«አንተ አፍህን ክደን!» አሉ እሳቸው፤ «ይልቅ ና፣ አካፋ ያዝ!»

እየሳቁም ቢሆን ብዙዎች አካፋ ይዘው መጡ። ዓሦቹ ጠጠሩን አገኙት፤ እንቁላላቸውንም ጣሉ። መንደሩ ደስ ብሎት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ብርድ፣ እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል ውሃው እንደገና ወረደ፤ ብርቱካናማው እንቁላል በጠጠሩ መሃል ገሃድ ወጥቶ በረዶ ይመታው ጀመር። ወይዘሮ ቫርሴኒክ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በእጃቸው እየለቀሙ ወደ ውሃው ይወስዱ ጀመር። አባታቸው ጋሪው ላይ ተቀምጠው፣ «ተዪው ልጄ፤ ነገም እኮ ይወርዳል» አሏቸው። እናታቸው ግን ምንም ሳይናገሩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አብረው ለቀሙ። በማግስቱ ውሃው የሁለቱንም ድካም ጥሎት ሄደ።

ወይዘሮ ቫርሴኒክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአውራጃው ከተማ አጠናቀቁ። በ1955 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማው ወደ የሬቫን ሄደው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ሕይወት ተማሩ። አባታቸው ያረፉት እሳቸው በትምህርት ላይ ሳሉ ነው። በ1960 ዓ.ም. ተመርቀው ሲወጡ እዚያው ከተማ እንዲቀሩ ቢጠየቁም፣ «እኔ የማውቀው አንድ ዓሣ ነው፤ እሱም እዚህ የለም» ብለው መጡ። በወንዙ አፍ ባለው የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ተቀጥረውም ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ።

ሥራው የእጅ ሥራ ነበር። በብርዱ ወራት እናቲቱን ዓሣ በክንዳቸው አቅፈው፣ ሆዷን በቀስታ እያሹ እንቁላሏን ወደ ሳህን ያወርዳሉ፤ የወንዱን ዘር ይቀላቅላሉ። ከዚያ የሞተውን እንቁላል ከሕያው እየለዩ በዝይ ላባ ያወጣሉ። ጓንት ካደረጉ አይታወቃቸውም ነበርና ባዶ እጃቸውን ነው የሚሠሩት። በኋላ ጣታቸው ተቆልምሞ የቀረው በዚህ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ምራታቸው ናዜሊ፣ በሠርጌ ማግስት የአንገት ሐብልሽን ላስርልሽ ብለው ሞክረው ጣታቸው እምቢ ሲላቸው አይቻለሁ።

የጣቢያው የፓምፕ መካኒክ የነበሩት አቶ ህራቺክ ፔትያን ዓይናቸውን የጣሉባቸው እዚያው ገንዳ ዳር ነው። አንድ ቀን፣ «ቫርሴኒክ ጃን፣ ውዴ፣ እኔንም እንደነሱ በቀን ሁለት ጊዜ ዞር ብለሽ ብታዪኝ ምናለበት?» ይሏቸዋል።

«አንተ ከውሃ ውጭም ትተነፍሳለህ፤ ምን አስቸኮለህ?»

«ኧረ እሱስ እያቃተኝ ነው።»

በ1962 ዓ.ም. ተጋቡ። ልጃቸውን ቫሃግንን፣ ቀጥሎም ሴት ልጃቸውን ሹሻንን ወለዱ። ወይዘሮ ቫርሴኒክ እናት ሆነውም በብርዱ ወራት ከጣቢያው አይለዩም ነበር። ሹሻን እስከ ዛሬ፣ «እናቴን ከዓሣ ጋር ተካፍዬ ነው ያደግኩት» ትላለች።

በጣቢያው የሚፈለፈለው ጫጩት ሐይቅ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። ያም ቢሆን ውሃው እየወረደ፣ ከሌላ አገር የመጣው ዓሣም እየበዛ፣ የበረዶ ወራቱ ኢሽኻን በየዓመቱ አነሰ። በሰባዎቹ ዓመታት በአንድ ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ቫርሴኒክ ተነስተው ቢያንስ እንቁላል በሚጣልበት ወራት ውሃው እንዳይለቀቅ ለመኑ። ከዋና ከተማው የመጡት ባለሥልጣን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በትሕትና ነበር የመለሱላቸው። «ጓድ ቫርሴኒክ፣ በብርድ ወራት ነው እኮ ሕዝቡ መብራት የሚፈልገው። ሆስፒታሉን ምን ልበለው? ዓሣ እየወለደ ነውና ጠብቅ ልበለው?» ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ቫርሴኒክ ተቀመጡ። ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው፣ «እውነቱን እኮ ነው፤ የከፋኝ እውነቱን መሆኑ ነው» አሏቸው።

በሰማንያዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሐይቁ ውስጥ የበረዶ ወራት ኢሽኻን ያየ ሰው ጠፋ። በጣቢያው አንድ ገንዳ ውስጥ ግን ወይዘሮ ቫርሴኒክ ከልጅ ልጅ እያራቡ ያቆዩዋቸው ጥቂቶች ነበሩ። ደማቸው ያልተቀላቀለ ስለመሆኑ የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ እሳቸውም አልፎ አልፎ ይጠራጠሩ ነበር። ከሌሎቹ እንዲለዩ ብለው ከጀርባቸው ጫፍ ያለችውን ትንሿን ክንፍ በመቀስ ቆርጠውባቸው ነበር። ከእነዚህ ሌላ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም።

በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ የመጣውን ብርድ እዚህ የቆማችሁ ታላላቆች አትረሱትም። ጦርነት ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መብራት በቀን ለአንድ ሰዓት መጣ ሲባል፣ ያውም ቀረ። ዳቦ በራሽን ነበር። ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ ሁሉ ምድጃ ገባ። ልጃቸው ቫሃግን ግንባር ነበር፤ ደብዳቤውም ቀርቶ ነበር። እኔ አርግዤ ቤታቸው ተቀምጬ ነበር። ደሜ አንሶ ስቆም ዓይኔን ያጨልመኝ ነበር።

መብራት ሲጠፋ የጣቢያው ፓምፖች ቆሙ። አቶ ህራቺክ የትራክተር ሞተር አጋጥመው ለጥቂት ሳምንታት አንቀሳቀሷቸው። ናፍጣው አለቀ። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ወንዶች ተራ ገብተው ከገንዳው ውሃ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ያዙ፤ ውሃው አየር እንዲያገኝ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍቱ ይከድኑ ጀመር። በዚህ መሃል ጎረቤታችን ሃይኩሂ ባዶ ባልዲ ይዛ መጣች።

«ቫርሴኒክ ጃን፣ አትቆጪኝ» አለች። «እነዚህ እንደሁ መሞታቸው ነው። ልጆቼ ከድንችና ከጨው ሌላ ነገር ከበሉ ስንት ጊዜያቸው። ሞተው ከሚሸቱ…»

«አፍሽን ያዥ!» አሏት አቶ ህራቺክ።

«እንዴት ነው የምይዘው? ልጆቼ አፋቸውን ይይዙልኛል? አንተ ስትጮህባቸው ይጠግባሉ?»

ወይዘሮ ቫርሴኒክ ባልዲዋን ተቀብለው ሞሉላት። «ለሌሎቹም ንገሪያቸው። ኋላ ሰው እንዳይጋፋ፣ አሁን በቀኑ ይምጡ» አሏት። የጣቢያው ኃላፊ ወደ ከተማ ከሄዱ ሰንብተው ስለነበር የሚጠየቅም የሚፈቅድም ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን ሠላሳ ዓመት ያሳደጉትን የዓሣ ዘር ገንዳ በገንዳ ለመንደሩ አደሉ። ክንፋቸው የተቆረጠውን ግን ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም። መንደሩም አልነካም፤ ይህ ለአቫዙት ክብር መነገር አለበት።

በማግስቱ እነዚያን በወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ከተው በበረዶ ጋሪ ወደ ሐይቁ ወሰዷቸው። ገንዳው ውስጥ ቢቆዩ ሞት ነው። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ የተራበ ሰው መረብ ዘርግቷል። ወይዘሮ ቫርሴኒክ እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ዓሦቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘው እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ጠብቀው ለቀቋቸው። ወንድማቸው አቶ ጾላክ ያን ጊዜ በመረባቸው የራሳቸውንና የሁለት ሟች ጓደኞቻቸውን ቤተሰቦች ያበሉ ነበር።

«ጾላክ፣ ምንጮቹ ያሉበትን ወሽመጥ ተውልኝ» አሏቸው።

«ተውኩልሽ። ግን እህቴ፣ አደራ አትበዪኝ። አጥር የለውም፤ ዓሣው ካልሄደ ነው።»

«ካልሄደ ነው» አሉ እሳቸውም።

የጌታ ልደት ዋዜማ ደረሰ። በዚያ ማዕድ ላይ ዓሣ እንዲኖር የአባቶቻችን ወግ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ዘቢብ የሌለው ሩዝ ተገኝቶም ተመስገን ነበር። ከሰዓት በኋላ አቶ ጾላክ በረዶአቸውን እያራገፉ ገቡና ከካፖርታቸው ሥር አንድ ትልቅ ኢሽኻን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ለምራትሽ ነው» አሉ፤ «የልጅቷን ፊት አይተሽዋል? ቂጣ መስሏል። ደም ይሁናት። እንዲህ ያለ ዓሣ ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

ወይዘሮ ቫርሴኒክ ዓሣዋን አገላበጧት። ከጀርባዋ ጫፍ፣ ትንሿ ክንፍ በጎደለችበት ላይ እጃቸው ቆመ።

«የት ያዝካት?»

«አንቺ ካልሽው ወሽመጥ አይደለም፤ በልጆቼ! ከደሴቱ ወዲያ ነው። ምነው?»

«ወንድ አብሮ አልተያዘም?»

«እሷው ብቻ ናት። ምነው፣ አነሰችሽ እንዴ?»

«አላነሰችም» አሉ። «ሂድ፣ ሚስትህንና ልጆቹን ጥራቸው። አብረን እንበላለን።»

አቶ ጾላክ ሲወጡ ወይዘሮ ቫርሴኒክ የዓሣዋን ሆድ ከፈቱት። እስከ አንገቷ እንቁላል ነበረች። ብስል ነው፤ ሊወርድ የደረሰ። ወይዘሮ ቫርሴኒክ እንቁላሉን በሁለት እጃቸው አውጥተው ሳህን ላይ አደረጉና አዩት። አቶ ህራቺክ መጥተው ከትከሻቸው በላይ ተመለከቱ። አቶ ህራቺክ ምድጃው ላይ የሌለ እንጨት ሊጨምሩ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆዩ።

ከዚያ ወይዘሮ ቫርሴኒክ ጨው አነሱ። እንቁላሉን ጨው ነሰነሱበትና ላቫሽ በምንለው ስስ ቂጣ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ።

«እማዬ፣ እኔ አልችልም» አልኳቸው።

«ትችያለሽ። ብዪ። በሆድሽ ያለው አልቻልኩም ማለት አይችልም።»

በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም። አቶ ጾላክ ከቤተሰቦቻቸው ጋር መጡ፤ ጸለይን፤ ዓሣው ተከፋፈለ። ወይዘሮ ቫርሴኒክም ከጅራቱ በኩል በሉ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አቶ ጾላክ፣ «ምን ሆንሽ?» ቢሏቸው፣ «እሾህ ነው» አሉ።

አቶ ጾላክ ነገሩን የተረዱት በማግስቱ ነው። አቶ ህራቺክ ነገሯቸው። መጥተው ቤት አልገቡም፤ አጥሩ በር ላይ ቆሙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ትመልሳት ነበር?»

«አልበላትም ነበር!»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩህ። ግባ፤ በረዶ ነው።»

አልገቡም። መረባቸውንም መስቀል አልቻሉም፤ የሚጠብቃቸው አፍ ብዙ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የያዙትን ኢሽኻን ሁሉ ጀርባውን ሳይዳስሱ ጀልባ ላይ አላወጡም። ክንፉ የተቆረጠ ሁለተኛ አላጋጠማቸውም። ይህ ታሪክ ዛሬ በሰው ፊት እንዲነበብ የፈለጉት ራሳቸው አቶ ጾላክ ናቸው። እኔ ልዘለው ብል፣ «ካልተነበበ የእህቴ ቀብር አይደለም» አሉኝ።

የልጅ ልጃቸው ጾቪናር በግንቦት ወር በደህና ተወለደች። ቫሃግን እግሩን ቆስሎ ከግንባር ተመለሰ። መብራትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ጣቢያው ወደ ግል ዞሮ ሌላ ዓይነት ዓሣ ማርባት ጀመረ፤ ወይዘሮ ቫርሴኒክም በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ህራቺክ በ2006 ዓ.ም. በድንገት አረፉ።

በእነዚያው ዓመታት፣ ማንም ባልጠበቀው ጊዜ፣ ሐይቁ መመለስ ጀመረ። በዳርቻው የተሠራውን መዝናኛና የተተከለውን ዛፍ እያሰጠመ ወደ መንደሩ ቀረበ። አቶ ማንቬል በጋሪ ያመላለሱት ጠጠር እንደገና ውሃ ለበሰ። ወይዘሮ ቫርሴኒክ በየብርዱ ወራት ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጾቪናርን ተደግፈው እዚያ ይሄዱ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠሩ ይታያል፤ ምንጩም እንደ ድሮው ይፈልቃል። የሚመጣ ግን አልነበረም። አንድ ዓመት አንድ ጎረቤት ትላልቅ ዓሦች አየሁ ብሎ መንደሩን አስደሰተ፤ እሳቸውም ሳምንታት ሙሉ ተመላለሱ። ጎረቤቱ ያየው ግን ከውጭ የመጣውን ዝርያ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተማሪ፣ «ይኖር ይሆን ይላሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እንጃ ልጄ። ውሃው ሰፊ ነው፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ደክሟል። የለም ለማለትም አቅም ያስፈልጋል» አሏት።

ወይዘሮ ቫርሴኒክ ሥራ ፈት አይወዱም ነበር። ቀልድ ያውቃሉ። ጨው ያበዛሉ። ዓሣ ሲጠበስ አጠገቡ ሆነው ካልተቆጡ ዓሣው የበሰለ አይመስላቸውም ነበር። በቤታቸው አልፎ የሚሄድ ሰው ሳይበላ አልሄደም።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መድከሙ ታወቀ። ቫሃግንና ሹሻን እየተፈራረቁ ወደ የሬቫን እያመላለሱ አሳከሟቸው፤ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ። ባለፈው ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ትንፋሻቸው አጠረ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር አምቡላንሱ ከአውራጃው ከተማ መውጣት አቃተው። ቫሃግን በራሱ መኪና ሊወስዳቸው ተነስቶ ከመንደሩ መውጫ ላይ መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀብሮበት በእግሩ ተመለሰ። እኔ ውሃ አሞቃለሁ፤ ለምን እንደማሞቅ አላውቅም። ጾቪናር ስልክ ትደውላለች። አቶ ጾላክ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ቫሃግን እንደገና ካፖርቱን ሲለብስ ወይዘሮ ቫርሴኒክ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አሉን። «ምን ያሯሩጣችኋል? ቁጭ በሉና ልያችሁ።»

ሁላችንም ተቀመጥን። አንድ በአንድ አዩን። ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ቫርሴኒክ አንድ ወንድምን፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅን፣ አንድ ምራትን፣ አራት የልጅ ልጆችንና በእጃቸው የበላውን መላውን የአቫዙት ሕዝብ ትተው አልፈዋል። በረዶውን ጠርጋችሁ መቃብር ለቆፈራችሁ፣ በእግራችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

እኛ ማድረግ የምንችለው እዚህ ድረስ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚችል አምላክ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍልን። አሜን።